ድምፅ፣ ድባብና ጣልቃ ትዕይንት፦ ከቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ለስያሜ ሥራ የሚገኝ ትምህርት

ለአንድ የሙያ ቃል አቻ ከመሻት በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ የቪዲዮ ጨዋታ ለጥቂት ጊዜ ተገትቶ ለተጫዋቹ የሚቀርበውን አጭር ትዕይንትና ድምፅ በዚያ ውስጥ ድባብ የሚፈጥርበትን መንገድ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ በ1980 ባወጣው ፓክማን በተሰኘው ጨዋታ፣ በደረጃዎች መካከል ተጫዋቹ እጁን የሚያሳርፍባቸው አጫጭር አስቂኝ ትዕይንቶች ነበሩ። ንግግር የላቸውም፤ ቀልዱን የሚያደምቀው አጭር ዜማ ብቻ ነው። «ከትሲን» የተባለው የእንግሊዝኛ ስም ግን የተለመደው ዘግይቶ ሲሆን፣ በ1987 ከወጣው ማኒያክ ማንሽን ጋር ተያይዞ ለሮን ጊልበርት ይሰጣል። እንግዲህ ነገሩ ከስሙ ቀድሟል ማለት ነው።

በ1983 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ፋሚኮም የተሰኘው የቤት መጫወቻ መሣሪያ አምስት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚህም አንዱ ቃና የሌለውን ሁካታ ለማውጣት የተመደበ ነበር። ይሁን እንጂ ቴክሞ በ1988 ባወጣው ኒንጃ ጋይደን መክፈቻ ላይ፣ ሁለት ተፋላሚዎች በጨረቃ ብርሃን ሲገናኙ፣ ሥዕሉ በጥቂት እንቅስቃሴ የተወሰነ ሆኖ ሳለ የጎደለውን ውጥረት ዜማው ይሞላዋል።

ሲዲ ከመጣ በኋላ የድምፅ ጥበት ተቃለለ። በ1997 በወጣው ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ውስጥ ኤሪስ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የምትገደልበት ትዕይንት ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። ተዋናይ አይናገርም፤ ቃሉ ሁሉ በጽሑፍ ይቀርባል። ከጸጉሯ የወደቀችው ዕንቁ በደረጃው ላይ እየነጠረች ወደ ውኃው ስትወርድ የኖቡኦ ኡኤማትሱ ዜማ ይሰማል። ቀጥሎ ፍልሚያ ሲጀመርም የተለመደው የውጊያ ሙዚቃ አይተካውም፤ ያው የሐዘን ዜማ ይቀጥላል። ተጫዋቹ ወደ ጨዋታው ቢመለስም ድባቡ አይለቀውም።

የስያሜው ችግር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ድምፅ» የሰውን አንደበትም፣ የነገርን ኮሽታም፣ ለምርጫ የሚሰጠውንም ያጠቃልላል። ስለዚህ ትዕይንት አንድ ተርጓሚ «ድምፅ የለውም» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ፍጹም ጸጥታን ይረዳል። የሌለው ግን ንግግር ብቻ ነው፤ ትዕይንቱን ያቆመው ድምፅ ነው። በመሆኑም ለተዋናዩ «ንግግር»፣ ለነገሮች «ኮሽታ» ወይም እንደ ዓይነቱ ሌላ ቃል፣ ለሙዚቃው «ዜማ»፣ ለሁሉም በአንድነት «ድምፅ» እንዲባል እናሳስባለን።

ለሙያው መጠሪያ «የድምፅ ቅንብር» የሚል አሳብ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን «ቅንብር» በሙዚቃ ሙያ ተይዟል። ሙያው ደግሞ ሙዚቃን ብቻ ሳይሆን ኮሽታንና ዝምታንም አስቀድሞ ማቀድን ይጠይቃል። ዋልተር መርች በ1979 በወጣው አፖካሊፕስ ናው ፊልም ላይ ለሠራው ሥራ የተሰጠው መጠሪያም ይህንኑ አሳብ የያዘ ነበር። ስለዚህ «የድምፅ ንድፍ» ይሻላል እንላለን።

ለትዕይንቱም «ቁርጥ ትዕይንት» የሚለው የቃል በቃል ፍች አያረካም፤ የሚቋረጠው ጨዋታው እንጂ ትዕይንቱ አይደለምና። «ጣልቃ ትዕይንት» ብንለው ከፓክማን ጀምሮ ያለውን ታሪክ ይሸከማል። «ድባብ» ግን ምትክ አያሻውም። በክብረ በዓል ከላይ ተዘርግቶ የሚያጠላው ታላቅ ጥላ ስም ሆኖ ሳለ የስሜት መጠሪያ ለመሆን የበቃ ቃል ነው፤ ድምፅም በትዕይንት ላይ የሚያጠላው እንዲሁ ነው።