ጭራቅ ሲቀበር፦ የ«ሃሎዊን» ፊልሞች ፍጻሜና የተመልካቹ ፍርድ

በአገራችን ተረት የጭራቅ መጨረሻ የታወቀ ነው። ወይ ገደል ይገባል፣ ወይ በእሳት ይቃጠላል፤ ተራቹም «ተረቴን መልሱ» ብሎ ያበቃል፣ ልጆቹም በሰላም ይተኛሉ። የሲኒማ ጭራቅ ግን ነጋዴ አለው። ነጋዴ ያለው ጭራቅ ደግሞ ገበያ እስካለው ድረስ አይሞትም፤ ቢሞትም ይነሣል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ከ1978 እስከ 2022 ድረስ፣ አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሲሞትና ሲነሣ ስለ ኖረ አንድ የአሜሪካ የፊልም ጭራቅና በመጨረሻ «አበቃ» ሲባል ተመልካቹ ስለ ሰጠው ፍርድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

«ሃሎዊን» በአሜሪካ ኦክቶበር 31 ማታ የሚከበር በዓል ነው። ልጆች እንደ እኛ አገር የቡሄ ጨፋሪዎች ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ልዩነቱ ጭምብል አጥልቀው መዞራቸውና የሚሰጣቸውም ሙልሙል ሳይሆን ከረሜላ መሆኑ ነው። ጆን ካርፔንተር የተባለው አዘጋጅ ከዴብራ ሂል ጋር ሆኖ በዚህ በዓል ስም አንድ ፊልም ጽፎ በ1978 ለሕዝብ አቀረበ። ሙዚቃውንም የደረሰው ራሱ ነው። ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ጠቅላላ ወጪው ከሦስት መቶ ሺህ ዶላር ብዙም አላለፈም። የገዳዩ ጭምብል እንኳ «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም የሚታወቀውን የካፒቴን ኪርክን መልክ ይዞ የተሠራ ርካሽ የሱቅ ጭምብል ነበር፤ ነጭ ቀለም ቀብተው፣ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው አስፈሪ አደረጉት። ያ ፊልም በዓለም ዙሪያ ሰባ ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሃዶንፊልድ በምትባል፣ በእውን በሌለች ትንሽ ከተማ ማይክል ማየርስ የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ታላቅ እኅቱን በቢላዋ ይገድላል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አምልጦ ይመለስና ሎሪ ስትሮድ የተባለችውን ልጃገረድ ያድናል፤ ይህችን ልጅ ሆና የተጫወተችው ጄሚ ሊ ከርቲስ ናት። በመጨረሻ ሐኪሙ ስድስት ጥይት ተኩሶበት ገዳዩ ከፎቅ ይወድቃል። ሐኪሙ ወደ ታች ሲመለከት ግን ሣሩ ላይ ሬሳ የለም። የዚህ ሁሉ ዘመን ታሪክ ቁልፍ እዚያ ባዶ ሣር ላይ ነው። ተመልካቹ ከአዳራሽ የወጣው ሞትን ሰምቶ ሬሳን ሳያይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። በ1981 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ማይክል በእሳት ተቃጠለ፤ ነገሩ በዚሁ እንዲያበቃ ታስቦ ነበር። ስለዚህም በ1982 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ማይክል የሌለበት፣ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ሆነ። ሕዝቡ ግን የለመደውን ገዳይ ፈልጎ ገብቶ ስላጣው ተቆጣ፤ ገቢውም ቀነሰ። በ1988 ማይክልን መለሱት፤ የፊልሙ ርእስ ራሱ መመለሱን የሚያበሥር ነበር። በ1998 ሎሪ አንገቱን በመጥረቢያ ቆረጠችው። አንገቱ የተቆረጠ ሰው ከእንግዲህ ምን ይሆናል? በ2002 የወጣው ፊልም መልስ አዘጋጀ፦ የተቆረጠው የማይክል አንገት አይደለም፤ ማይክል ልብሱንና ጭምብሉን ለአንድ የአምቡላንስ ሠራተኛ አልብሶ፣ እንዳይናገርም ጉሮሮውን ሰብሮት ኖሯል። በዚያው ፊልም ሎሪም ሞተች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ ተመልካቹ «ሞተ» የሚለውን ቃል ማመን አቆመ። ማንም አይፈርድበትም።

በ2018 ዴቪድ ጎርደን ግሪን የተባለ አዘጋጅ ከመጀመሪያው በቀር የቀሩትን ፊልሞች ሁሉ እንዳልነበሩ ቆጥሮ እንደ አዲስ ጀመረ። ሎሪም አርጅታ፣ ቤቷን እንደ ምሽግ አጥራ፣ ጠላቷን ስትጠብቅ ታየች። ፊልሙ ከሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2021 የቀጠለው ክፍል የከተማውን ሕዝብ አሰልፎ አወጣ፤ ሕዝቡ ገዳዩን አገኘሁ ብሎ አንድ ምስኪን በሽተኛ አሳድዶ ከሆስፒታል መስኮት እንዲዘልና እንዲሞት አደረገው። እዚህ ላይ አዘጋጁ ወዴት እያመራ እንደ ነበር ልብ ያለ ሰው ሊያስተውል ይችል ነበር።

የመጨረሻው ክፍል በኦክቶበር 14 ቀን 2022 ወጣ። ርእሱም «ሃሎዊን አበቃ» እንደማለት ነው። ተመልካቹ የሎሪንና የማይክልን የመጨረሻ ትንቅንቅ ሊያይ ገባ። ያገኘው ግን ኮሪ የተባለ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ወጣት ነው። ኮሪ የሰው ልጅ እንዲጠብቅ ተቀጥሮ ሳለ ልጁ በድንገተኛ አደጋ ከፎቅ ወድቆ ይሞታል። ከተማው ግን «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ስም ያወጣለታል፤ በየደረሰበት ይሰድቡታል፣ ጎረምሶችም ይደበድቡትና ከድልድይ ይወረውሩታል። በቦይ ውስጥ ተደብቆ ይኖር የነበረው ማይክል እዚያ ያገኘዋል፤ አንቆ ከያዘው በኋላ ይለቀዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮሪ ራሱ መግደል ይጀምራል። ማይክል በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመክፈቻው ምሽት ከአዳራሽ የሚወጣውን ሕዝብ እየጠየቀ ለፊልሞች እንደ ተማሪ ፈተና ማርክ ይሰጣል። የ2018ቱ ፊልም ቢ ፕላስ፣ የ2021ዱ ቢ ማይነስ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሲ ፕላስ አገኘ። ፊልሙ በአሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አርባ ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ወደ ስምንት ሚሊዮን ወረደ። በእርግጥ በዚያው ቀን በየቤቱ በቴሌቪዥን እንዲታይ መለቀቁም ለመውረዱ አንድ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ያለፈው ክፍልም እንዲሁ በአንድ ቀን በሁለቱም መንገድ ተለቅቆ ይህን ያህል አልወደቀም።

የተመልካቹ ቅሬታ በአንድ ቃል ሲጠቃለል «ጭራቃችንን ወሰዳችሁብን» የሚል ነው። ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ በ1982 የተሰማው ጩኸት ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። አዘጋጁም ይህን ያወቀ ይመስላል፤ የፊልሙን ርእስ ያስጻፈው በ1982ቱ ፊልም የፊደል ቅርጽ ነው። ተመልካቹ ያለ ምክንያት አልተቆጣም። አርባ አራት ዓመት የሚያውቁትን ጠላት ሊቀብር የመጣ ሕዝብ የማያውቀውን ሰው ኑሮ ሲያይ እንዲያመሽ ማድረግ ለቅሶ ሊደርስ የመጣን እንግዳ ሰርግ ቤት እንደማስገባት ነው። የኮሪን ታሪክ መናገር ካስፈለገም ከ2018 ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስተዋወቅ ይቻል ነበር።

ቢሆንም ከቅሬታው በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ። ሰው ፍርሃቱ አንድ መልክ፣ አንድ ስም እንዲኖረው ይሻል። አንድ መልክ ያለው ፍርሃት ይታሰራል፣ ይቃጠላል፣ ይቀበራል። ኮሪ የሚያሳየው ፍርሃት ግን መልኩ የጎረቤት መልክ ነው። ማንም በተለይ የጨከነ የለም፤ አንዱ ስም አወጣ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሦስተኛው ዝም አለ፤ ድምሩ ግን አንድ ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ተመልካቹ ይህን ለማየት ገንዘብ አልከፈለም።

ለእኛ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በአንድ ቦኖ ለውሃ የሚሰለፍ፣ በአንድ መስመር ቆሞ ራሽን የሚቀበል ሕዝብ ስለ ጎረቤቱ ብዙ ያውቃል፤ ከሚያውቀው ደግሞ የሚገምተው ይበልጣል። «እሱ እኮ እንዲህ ያደረገ ነው» የተባለ ሰው ስሙን የሚያጥብበት ቦታ የለውም፤ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ኮሪም ከሃዶንፊልድ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም።

የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ ሌላውን የተመልካች ጥያቄ መለሰ። ሎሪ ማይክልን በራሷ ማድ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ቸንክራ ገደለችው። በዚህ ግን አላበቃም። ሬሳውን መኪና ላይ አስረው፣ የከተማው ሕዝብ ተከትሎ፣ በሌሊት ወደ አሮጌ ብረታ ብረት መጣያ ወሰዱት፤ እዚያም መኪና በሚፈጭ ትልቅ ማሽን ውስጥ ጨመሩት። አንዳንዱ ተመልካች በዚህ ሳቀ፤ ሌላው ግን «አሁን ገና አየሁ» ብሎ እፎይ አለ። ሬሳውን ያላየ፣ አፈር ያላለበሰ ሰው ልቡ እንደማያርፍ በየድንኳኑ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በ1978 ባዶ ሣር ያሳየ ታሪክ በ2022 ሬሳውን በሕዝብ ፊት ማሳየት ነበረበት፤ ከተማ ሙሉ ምስክር ካልቆመበት በቀር ማን ያምነው ነበር? በእኔ አስተያየት የፊልሙ ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው፤ ሕዝቡ አንድ ሰው ለማሳደድ ሳይሆን አንድ ነገር ለመቅበር አብሮ የወጣበት ብቸኛው ሌሊት ይህ ነበርና።

እንግዲህ አበቃ ወይ? ነጋዴው እንዳላበቃ አስታውቋል፤ በ2023 ሚራማክስ የተባለው ድርጅት የታሪኩን የቴሌቪዥን መብት ማግኘቱ ተነግሯል። ለሎሪ ግን አበቃ ማለት ይቻላል። የብረት መፍጫው ለማይክል ማየርስ በቂ ነበር። ኮሪን የፈጠረውን ምላስ ግን የሚፈጭ ማሽን እስካሁን አልተሠራም፤ እሱን መግታት የየራሳችን ድርሻ ነው።

ፊልሙን አይታችሁ ተመልካቹ ልክ ነው፣ ወይም አዘጋጁ ልክ ነው የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች ካላችሁ ለሚቀጥለው ዕትም ጽፋችሁ ስጡን።