የዓባይ ደለል በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል

ከግብፅ ዴልታ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል በአብዛኛው የተሸፈነው ዓባይ ተሸክሞት በመጣ ጭቃ ነው። ይህ ወለል የአህጉር መደብ ይባላል፤ ከዳርቻው ተነሥቶ በዝግታ እያዘቀዘቀ እስከ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይወርድና ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይበረታል።

ጭቃው በብዛት የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። ከጥቁር ዓባይና ተከዜ ከሚገባበት ከአትባራ ጋር ሲነጻጸር የነጭ ዓባይ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ሲንከራተት የያዘውን ስለሚጥል። የደጋው ባዛልት ሲበሰብስ ስሜክታይት የተባለ በጣም ደቃቅ የሸክላ ማዕድን ይሰጣል። ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል ባወጡት ናሙና ውስጥ ይህን ማዕድንና የስትሮንቲየም አይሶቶፖችን ጥምርታ እያዩ የአፈሩን አገር ይለያሉ። ነገሩ ግን ለጥንቱም ዓለም እንግዳ አልነበረም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ከግብፅ ዳርቻ የአንድ ቀን ጉዞ ርቆ ገመድ ወደ ባሕር የጣለ መርከበኛ ጭቃ እንደሚያወጣ ጽፏል፤ የግብፅ ጥቁር አፈርም ከኢትዮጵያ የመጣ መሆኑን ተናግሯል።

ደቃቁ አፈር እንዴት ወለሉን እንደሚነካ ማወቅ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ነው። የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሺኛ የሚያህል የሸክላ ቅንጣት ብቻውን ቢሰምጥ 30 ሜትር ለመውረድ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ማዕበሉ የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። በወንዝ ውኃ ውስጥ ቅንጣቶቹ በላያቸው ባለው የኤሌክትሪክ ሙል የተነሣ ይገፋፋሉ። ጨዋማው ውኃ ሲነካቸው ይህ መገፋፋት ይዳከማል፤ ሲጋጩ ይያያዛሉ፣ ረቂቃን ሕዋሳት የሚያመነጩት ሙጫም ያጣብቃቸዋል። እንዲህ የተሰባሰቡት ቅንጣቶች በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወለሉ ላይ ያርፋሉ።

ማረፉ ግን መቅረቱ አይደለም። አሸዋው በወንዙ አፍ አጠገብ ሲቀር ጭቃው ደጋግሞ ይነሣል። በብርድ ወራት አውሎ ነፋስ ያስነሣው ሞገድ ጥልቀት የሌለውን ወለል ያናውጣል፤ የታችኛው ውኃ በጭቃ ይወፍርና ወደ ጥልቁ ይንሸራተታል፣ የዳርቻው ፍሰትም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲና አቅጣጫ ይገፋዋል። ስለዚህ ጭቃው ረግቶ የሚከማቸው ሞገዱ እምብዛም በማይደርስበት የመደቡ መካከለኛ ክፍል ነው። በዚያም ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ሲቆፍሩት ንብርብሩ ይደባለቃል፤ ከላይ የሚጫነው ክብደት ደግሞ ውኃውን እየጨመቀ ያጠነክረዋል። የቅርብ ዘመኑ ክምችት ፍጥነት በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ በሚቀንሰው ጨረር አመንጪ ሊድ 210 ይለካል።

ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት የባሕሩ ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለነበር አብዛኛው መደብ ደረቅ ምድር ነበር፤ ወንዙም ላዩን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር። የዛሬው ዴልታ መገንባት የጀመረው የባሕሩ ከፍታ መጨመር ጋብ ካለ በኋላ፣ ከ8,000 እስከ 7,000 ዓመታት በፊት ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. የአስዋን ታላቁ ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር ይህ ረጅም ጉዞ ተቋረጠ። ቀድሞ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገመት የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል በሙሉ ግድቡ በፈጠረው በናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀር ጀመር። ከወንዙ ዓመታዊ ጎርፍ ጋር ይመጣ የነበረው ምግብ በመቅረቱም በዴልታው ፊት ለፊት የነበረው የሰርዲን ዓሣ ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በጥቁር ዓባይ ከሚወርደው ደለል ብዙው ዛሬ አስዋን ሳይደርስ ጉባ ላይ በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ፣ ከዚያም በሱዳን በሮሰይረስ ግድብ ይያዛል።

መደቡ አዲስ አፈር ባያገኝም ሞገዱ ሥራውን አላቆመም። ከዓባይ አፎች አንዱ በሆነው በሮዜታ ቀደም ብሎ የጀመረው የዳርቻ መሸርሸር ከአስዋን ግድብ በኋላ ተባብሶ የየብሱን ጫፍ በኪሎሜትሮች ወደ ኋላ መልሶታል፤ በጎርፍ ዘመን የተከመረው የድሮ ደለል እየተቆረሰ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል።