የላሊበላ ጥገና በማን መዝገብ ይጻፍ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በላስታ ደጋ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አደረገ፤ ገባሩን ከጉልተኛው አላቀቀ፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ከመተዳደሪያቸው ለየ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም፣ ያ ሥርዓት የቆመው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበርና እንዲመለስ የሚመኝ ሊኖር አይገባም። ሁለተኛው ግን ተዘነጋ። ቀድሞ ካህኑም ደብተራውም የሚያድረው አገልግሎት በተጣለበት መሬት ነበር። ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ ለሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ የሰጠው መሬት በደብሩ ወርቅ ወንጌል ተጽፎ ይገኛል። መንግሥት ለደብሩ ገንዘብ አይቆርጥም፤ ራሱ ሊሰበስበው የሚችለውን ግብር ይተውለታል። ይህም በግምጃ ቤት መዝገብ የማይታይ፣ በየዓመቱ ግን የማይቀር የመንግሥት ወጪ ነበር።

ፈረንሳይ ይህንኑ እርምጃ ቀድማ ወስዳዋለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1789 አብዮተኞቹ የቤተ ክርስቲያንን ሀብት የሕዝብ አደረጉ። መዘዙ ከባድ ነበር፤ ለዘመናት ከክርስትናው ዓለም ትልቁ ሕንፃ የነበረው የክሉኒ ገዳም ተሸጦ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ተዘረፈ። በ1830 ግን መንግሥት የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሾመ፤ የ1905ቱ ሕግ መንግሥትንና ሃይማኖትን ሲለይም ካቴድራሎቹ በመንግሥት እጅ ቀሩ፤ ጥገናቸውም ከነባለቤትነቱ የመንግሥት ዕዳ ሆነ። በእኛ አገር ሕንፃው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ቀረ፣ ገቢው ተወሰደ፤ በገቢው ፋንታ ለጥገናው የቆመ መደበኛ በጀት ግን አልመጣም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ሥርዓትስ ድንጋዩን ጠብቆታል ወይ? የሚል ይኖራል። መሬቱ የሚመግበው አገልጋዩን እንጂ ስንጥቁን አልነበረም፤ ከአዋጁ በፊት፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በውጭ ገንዘብ መጥቶ ቀድሞ የተቀባውን ሬንጅ ማንሳት ነበረበት። እውነት ነው። ግን ይህ የሚያሳየው መደበኛ የጥገና ድርሻ ከያኔም መጓደሉን ነው፤ አዋጁ ጉድለቱን ወረሰው፣ አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከልገሳ ወደ ልገሳ ተሻገረ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት፣ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚከልሉ አራት መጠለያዎች ለጥቂት ዓመታት የታሰቡ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መባቻ፣ የከተማው ሕዝብ ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ። ሠርቶ የሄደው ለጋሽ ነው፤ ማንሳቱም ሆነ መተካቱ በየትኛው በጀት እንደሚያዝ ግን ሕዝቡ የሚጠይቀው አካል አጣ።

ፈረንሳይ ሀብታም ናት፣ ማወዳደሩ ፍርድ ይጎድለዋል የሚለው ክርክር ይከብዳል። ፕሬዚዳንት ማክሮን መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላሊበላን ጎብኝተው የጥገና ድጋፍ ቃል በገቡ በወሩ ኖትርዳም ተቃጠለ፤ የታደሰውም በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ በሚቆጠር ልገሳ ነው። ሀብታሙም ለመከራው ቀን እጁን ዘርግቷል፤ ለዘወትሩ ግን የታወቀ ባለዕዳ አለው፣ ያም ባለዕዳ በምክር ቤት ፊት ይጠየቃል። የምጠይቀው የፈረንሳይን መጠን አይደለም፣ የዕዳውን ባለቤት ነው። የጎብኚው ትኬት ይበቃል የሚሉም አሉ። ኮሮና፣ ቀጥሎም የ2013ቱና የ2015ቱ ዓ.ም. ክረምቶች ያመጡት ጦርነት የትኬቱን ገቢ አደረቁት፤ በእነዚያው ክረምቶች የላስታ ዝናብ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ እንደ ወትሮው ወርዷል። በፌዴራሉ በጀት የላሊበላ ዓመታዊ ጥገና በስሙ የተጻፈ አንድ መስመር ይኑረው፤ ትንሽም ቢሆን፣ እንግዳ መጣም ቀረም የሚከፈል።