የምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር፦ አስገራሚ ወጎችና የታሪክ ሙያ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ወግ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ስለሚነገሩት፣ ቡና ሲፈላ፣ ከስብሰባ በኋላ፣ በረጅም መንገድ ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት የምንጨዋወታቸውን እንግዳ ታሪኮች ማለቴ ነው። እነዚህን ወጎች እወዳቸዋለሁ። ወደዚህ ሙያ የሳበኝም የአባቴ ጓደኞች ማታ ማታ የሚያወጓቸው ጨዋታ እንጂ የዘመን ሰንጠረዥ አልነበረም። ነገር ግን ንግግሬን በምስጋና ሳይሆን በኑዛዜ እጀምራለሁ።

ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የምቀበለው በአንድ ወግ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1882 ዓ.ም. በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ወንበር ለሞት ቅጣት ሥራ ላይ ዋለ። አዲስ ነገር ሁሉ የሚማርካቸው ዐፄ ምኒልክ ይህን ሰምተው ሦስት ወንበሮች አዘዙ። ወንበሮቹ ባሕር ተሻግረው፣ በግመልና በበቅሎ ተጭነው ከቤተ መንግሥት ደረሱ። በአገሩ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ የታወሰው ያን ጊዜ ነው። ንጉሡ ግን ገንዘባቸው ከንቱ እንዳይቀር ብለው አንዱን ወንበር ዙፋን አደረጉት።

ክፍሉ ሁልጊዜ በሳቅ ይሞላል። መምህር ደግሞ ሳቅ ያገኘበትን ነገር በቀላሉ አይተውም።

አንድ ዓመት ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሣች። «መምህር፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «የታወቀ ነገር ነው» ብዬ አለፍኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድ ሌላ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምዘና ደረሰኝ። በመካከሉ የኤሌክትሪክ ወንበሩ ታሪክ ሰፍሯል። ምንጩን ለማየት ወደ ግርጌ ማስታወሻው ብወርድ ያገኘሁት የራሴን ስም ነው። «በክፍል ውስጥ ከተሰጠ ገለጻ» ይላል። ያን ምሽት ጽሑፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ተማሪው ያጠፋው ነገር የለም፤ በሚያምነው ሰው ላይ ተደግፎ ጽፏል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምንጭ የሌለውን ነገር ምንጭ አድርጌው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወጉን መከታተል ያዝኩ። በጽሑፍ ያገኘሁት እንደ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በእንግሊዝኛ በታተሙ፣ ለመዝናኛ በተዘጋጁ የወግ መድበሎች ውስጥ ነው። ከድርጊቱ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንዱ መድበል ከሌላው ይቀዳል እንጂ ወደ ዘመኑ የሚያደርስ ምስክር አይጠራም። የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ እንዲህ ያለ ወንበር አያነሡም። በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው የሮድ መልእክተኛ ቡድን አባል የነበረው ግላይኸን ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል። ስለ ቤተ መንግሥቱ አቀባበል ሲተርክም በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ንጉሥ አላሳየንም። የአውሮፓ እንግዶች ለመሳቅ የሚበቃ ነገር ሲያገኙ ዝም የሚሉ እንዳልነበሩ የጉዞ መጻሕፍታቸውን ያነበበ ያውቃል።

የሰነድ ዝምታ ብቻውን አይበቃም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ስለዚህ ወጉን በራሱ ሚዛን እንመዝነው።

በመጀመሪያ፣ ምኒልክ የቴክኒክ አማካሪ አልነበራቸውም ወይ? ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አንኮበር ደርሷል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአጠገባቸው አልተለየም፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ ያስገባውም እርሱ ነው። «ኤሌክትሪክ የሌለው የኤሌክትሪክ ወንበር» ለማዘዝ ንጉሡ ይህን ሰው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁት ማለፍ ነበረባቸው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ለምን ያስፈልጋል? በዘመኑ በነበረው ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ከተፈረደበት በኋላ ብዙ ጊዜ ለሟች ወገኖች ይሰጥ ነበር። እነርሱ ወይ የደም ካሣ ይቀበላሉ፣ ወይ ቅጣቱን ራሳቸው ይፈጽማሉ። ቅጣቱ የደም ባለቤቱ መብት እንጂ የመንግሥት ማሽን ሥራ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ወንበር ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለውም። ወጉን የፈጠረው ሰው ስለ ምኒልክ ችሎት የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ምን እየሆነ ነበር?

በኒው ዮርክ ግዛት፣ በኦበርን ወህኒ ቤት፣ ዊልያም ኬምለር የተባለው ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር የተገደለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1890 ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1882 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ሥራው የተበላሸ ነበር፤ በመጀመሪያው ኃይል ስላልሞተ ለሁለተኛ ጊዜ ለቀቁበት፣ ጋዜጦችም በድንጋጤ ጻፉ።

በዚያው ወቅት በአገራችን ክፉ ቀን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ያ ታላቅ ረኃብ የጀመረው በከብት ዕልቂት ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተባይ ተከተሉ። ገበሬው ያለ በሬ ማረስን አያውቅም፤ መሬትን በእጅ መቆፈርንም እንደ ውርደት የሚያይ ብዙ ነበር። የዘመኑ ምንጮች እንደሚነግሩን ምኒልክ በዚህ ጊዜ ራሳቸው ዶማና መጥረቢያ ይዘው ወደ መሬት ወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲቆፍሩ ያየ መኮንንና ወታደር እንዳያፍር ነው።

ይህን ምስል ከወንበሩ አጠገብ አስቀምጡት። ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት ያልሞላቸው ንጉሥ ዶማ ይዘው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ይህም አስገራሚ ወግ ነው፤ ከወንበሩም ያስገርማል። ልዩነቱ ይህኛው ስለ ረኃቡ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ክብርና ስለ ሥራ የነበረውን አመለካከት ሁሉ አብሮ የሚነግረን መሆኑ ነው። ያኛው ግን ሳቁ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ነበር። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታውቀው ነበር። በ1882 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የመጣው መልስ ከእንግዲህ ወዲህ ጉዳይዎን በጣሊያን በኩል ይላኩ የሚል መንፈስ ነበረው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚል ግልጽ እየሆነ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ንጉሡ የጣሊያንን እርዳታ ብፈልግ እጠቀማለሁ እንጂ የሚያስገድደኝ ውል አልገባሁም ብለው ለንጉሥ ኡምቤርቶ የጻፉት በመስከረም 1883 ዓ.ም. ነው። ከኬምለር ሞት ሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ሰውየው በእነዚያ ሳምንታት የያዙት ጉዳይ ወደ ዓድዋ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ነበር። እኔ ግን በዚያው ወቅት የዕቃ ካታሎግ እያገላበጡ ነበር ብዬ ለስንት ዓመት አስተማርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወጉን የምነቅፈው የአገር ንጉሥን ስለሚያዋርድ አይደለም። ምኒልክ እንደ ማንኛውም ገዥ ሊተቹ ይገባል። በደቡብ የተካሄዱት ዘመቻዎች በየአካባቢው ሕዝብ ላይ ያስከተሉት መከራ የታሪካችን አካል ነው፤ በሳቅም በዝማሬም ሊሸፈን አይገባውም። እንዲያውም የሚያዋርደውን ወግ ለመመርመር የምንቸኩል ሰዎች የሚያወድሰውን ወግ ሳንነካው እናልፋለን። ንጉሡ ሌሊት ልብስ ለውጠው፣ ድኻ መስለው፣ የሕዝቡን ብሶት ሊሰሙ ወጡ የሚለውን ታሪክ በልጅነቴ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነገር ሰምቻለሁ። ይኸው ወግ በአረብ ተረቶች ውስጥ ስለ ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ ይተረካል። አንድ ልብስ ብዙ ሰው ሲለብሰው ካየን፣ ልብሱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ወግ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ንጉሡ ምን እንዳደረገ ሳይሆን ሕዝብ ከንጉሥ ምን ይጠብቅ እንደነበር ነው። ያም ታሪክ ነው፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ታዲያ ወግ ሁሉ ውሸት ነው ልበል? አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን ከጠቀስኩ አይቀር አንድ እውነተኛ ወግ ልንገራችሁ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስላዋ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋናዋን ለመግለጽ ለንጉሡ ሽጉጥ በስጦታ ልካለች። ይህ ቃልና 1861 የሚለው የአውሮፓ ዓመት በሽጉጡ ላይ ተቀርጾ ነበር። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥቲቱ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፣ ከመዝገብ ውስጥ ገባ፣ መልስም ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ እስራቱ፣ ከዚያ የናፒየር ዘመቻ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ ንጉሡ ነፍሳቸውን ያጠፉት በዚያው በንግሥቲቱ ሽጉጥ ነው።

ልብ ወለድ ደራሲ ይህን ቢጽፍ «አበዛኸው» እንለው ነበር። ነገር ግን የቆመው በመልካም ምስክር ላይ ነው፤ ጽሑፉን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች መዝግበውታል፤ ደብዳቤውም አለ። እንግዳነቱ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ለጆሮ መጣሙም የእውነት ማረጋገጫ አይደለም። በሁለቱ መካከል የሚለየን ጥያቄ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ወግ አለ። ኢልግ አንኮበር እንደደረሰ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት ይባላል። መሐንዲሱ ጠመንጃ ከአውሮፓ መግዛት ይሻላል ቢልም ንጉሡ በእጁ ካልሠራው አልቀበልም አሉት። ይህ ወግ የሚደርሰን ከኢልግ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው ስዊዘርላንዳዊው ኬለር ነው። ስለዚህ ስጠቅሰው «እንዲህ ሆነ» አልልም፤ «ኢልግ ሲያወራ እንዲህ ይል ነበር» እላለሁ። አንዲት ግስ ናት የተለወጠችው፤ የሙያው ሥነ ምግባር ግን ያለው በእርሷ ውስጥ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ በዚህ ክረምት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ ከአያት፣ ከአጎት፣ ከጎረቤት ወግ ትሰማላችሁ። እባካችሁ አትናቁት። ነገር ግን ወጉን ብቻ አትያዙ፤ ተራኪው ማን እንደሆኑ፣ ከማን እንደሰሙት፣ መቼና በምን አጋጣሚ እንደተነገረ አብራችሁ ጻፉ። ወጉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያን ሁሉ የመዘገበ ማስታወሻ ዋጋ ይኖረዋል። የመዘገባችሁት ወጉን ብቻ ከሆነ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው «የታወቀ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እኔም የወንበሩን ወግ አልተውኩትም። ዛሬም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼን በእርሱ እቀበላለሁ። ይስቃሉ። ሳቁ ሲበርድ በሰሌዳው ላይ 1882 ብዬ እጽፍና በዚህ ዓመት በእናንተ አያት ቅድመ አያቶች ቤት ምን ይበላ ነበር ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። የዓመቱ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ዝምታ ነው።

ያቺን ከኋላ ወንበር የጠየቀችኝን ተማሪ ለጥያቄዋ ያኔ አላመሰገንኳትም። ዛሬ የትም ብትሆን፣ መልሱ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልገው» መሆን ነበረበት።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።