በኮምፒውተር ለሚመራ የላሜራ መቁረጫ ጠረጴዛ የቋሚ ዘንግ አካላት አመራረጥ

መግቢያ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላማው ራያ ከተማ ናት። በአካባቢው ያሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ሥራ በርና መስኮት በመሥራት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ እየተሳበ ለመስኖ ስለሚውል፣ የፓምፕ መቀመጫ፣ የቧንቧ ፍላንጅ እና የውኃ ታንከር መቆሚያን የመሳሰሉ ሥራዎችም ተፈላጊ ናቸው። እነዚህ ምርቶች እርስ በርስ የሚገጥሙ ቀዳዳዎችንና የተስተካከለ ጠርዝን ይጠይቃሉ። በዚህም ምክንያት በኮምፒውተር የሚመራ፣ በተለምዶ ሲኤንሲ የሚባለውን የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ በራሳቸው አቅም ለመሥራት የሚያቅዱ ኢንተርፕራይዞች አሉ።

ጠረጴዛው ሦስት የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች አሉት። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ቶርቹን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያንቀሳቅሰው ቋሚ ዘንግ ወይም ዜድ አክሲስ ላይ ነው። ከሦስቱ አጭሩ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በአካላት ምርጫ ላይ የሚፈጸም ስህተት ኖዝል የሚያቃጥለው፣ ቶርች የሚሰብረውና በውድ ዋጋ የተገዛ ላሜራን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው በአብዛኛው በዚሁ ዘንግ ላይ ነው።

የቋሚ ዘንጉ ተግባር

ፕላዝማ ብረትን የሚቆርጠው በመግፋት ሳይሆን በማቅለጥ ነው። ስለዚህ ቋሚ ዘንጉ የመቁረጥ ጫና አይሸከምም፤ ተግባሩ በቶርቹና በላሜራው መካከል ያለውን ርቀት መጠበቅ ነው። በብዙ አነስተኛ የፕላዝማ ማሽኖች የመቁረጫ ከፍታው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ላሜራው መጀመሪያ በሚበሳበት ጊዜ ቶርቹ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት። ትክክለኛው መጠን በማሽኑ አምራች መመሪያ ላይ ይገኛል። ቶርቹ ከሚገባው በላይ ከራቀ ጠርዙ ተዳፋት ይሆናል፤ ከቀረበ ደግሞ ኖዝሉ ላሜራውን ነክቶ ይበላሻል። ላሜራ በሙቀት ስለሚጣመም ይህ ርቀት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል።

ከዚህ የሚገኘው መርህ የሚከተለው ነው፦ ለፕላዝማ ጠረጴዛ የሚመረጥ ቋሚ ዘንግ ብርቱ ከመሆኑ በፊት ቀላል፣ ፈጣን እና መንገጫገጭ የሌለው ሊሆን ይገባል። እንጨት የሚቦረቡር ማሽን ለመሥራት የታሰበ ከሆነ ግን መሣሪያው ሥራውን ስለሚጫንና ስለሚንቀጠቀጥ፣ ጠንካራና ከባድ አካል ያስፈልጋል። የአንዱን ንድፍ እንዳለ ለሌላው መውሰድ አይመከርም።

የእንቅስቃሴ ርዝመት እና ማንሸራተቻ ሐዲድ

ለጠፍጣፋ ላሜራ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ እንቅስቃሴ በቂ ነው። ከዚህ የረዘመ ዘንግ ቶርቹ ከመደገፊያው ርቆ እንዲንጠለጠል ስለሚያደርግ መወዛወዝን ይጨምራል።

ከሁሉ በፊት በጀት ሊመደብለት የሚገባው ሐዲዱ ነው። ዳርና ዳር ብቻ የተያዘ ክብ ዘንግ ርካሽ ቢሆንም መሃሉ ላይ ይለምጣል። ከሥሩ በሙሉ ድጋፍ ያለው ክብ ሐዲድ የተሻለ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አራት ማዕዘን ሐዲድ፣ ለእያንዳንዱ ሐዲድ ሁለት ተንሸራታች ኩሽኔታዎች ተደርገውለት ሲገጠም፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ያገለገለ ሐዲድ ሲገዛ ተንሸራታቹን በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስኬድ ይገባል። የሚያዝበት ወይም የሚንገጫገጭበት ቦታ ካለ መተው ይሻላል።

የቪቴ ምርጫ

ቪቴ የሚመረጠው በአንድ ዙር በሚያስኬደው ርቀት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ በዙር 2 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ቪቴ ቶርቹን በሰከንድ 20 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል፤ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ግን 50 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ልዩነቱን በሥራ ለማየት፣ 400 ቀዳዳ ያለው ትእዛዝ ቀረበ እንበል። ቶርቹ በየቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ወጥቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ለዚሁ ምልልስ ብቻ የመጀመሪያው ቪቴ 17 ደቂቃ ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

በገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ቪቴዎች አሉ። ተራው ባለ ትራፔዝ ጥርስ ቪቴ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በዙር ጥቂት የሚሄደው ዓይነት በራሱ ተቆልፎ ይቆማል። ሆኖም ዳዶው በጊዜ ብዛት ስለሚበላ መቀየሪያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባለ ኳስ ቪቴ ወይም ቦል ስክሩ ሰበቃው አነስተኛ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን በራሱ አይቆለፍም። በሁለቱም ዓይነት የተሸከመው ክብደት በሞተሩ ላይ ሳይሆን በቪቴው ጫፍ ላይ በሚገጠም ኩሽኔታ ላይ ማረፍ አለበት።

የሞተር ምርጫ

ትልቅ ሞተር መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። ቶርቹና ማቀፊያው አንድ ላይ 4 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ወደ ታች የሚስበው ኃይል 40 ኒውተን ያህል ነው። በዙር 5 ሚሊ ሜትር በሚሄድ ባለ ኳስ ቪቴ ይህን ክብደት ለመያዝ የሚያስፈልገው የማዞር ኃይል 0.035 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለፍጥነት ለውጥና ለሰበቃ ብዙ እጥፍ ቢጨመርበት እንኳ፣ የፊት ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር የሆነና 1 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ስቴፐር ሞተር ይበቃዋል። ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ክብደት ይጨምራል፤ ቶርቹ ላሜራውን ሲመታም ጉዳቱን ያከፋል። የስቴፐር ሞተር ኃይል ፍጥነት ሲጨምር እንደሚቀንስ መታወስ አለበት።

መብራት ሲቋረጥ

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ስቴፐር ሞተር የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ባለ ኳስ ቪቴ የተገጠመለት ቶርችም በራሱ ክብደት ወርዶ በጋለ ላሜራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። መፍትሔው በራሱ የሚቆለፍ ቪቴ መምረጥ፣ ኃይል ሲቋረጥ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሞተር መግጠም፣ ወይም በሞላ አልያም በመኪና የኋላ በር ጋዝ ማንሻ ክብደቱን ማገዝ ነው። በመጨረሻው ዘዴ ማንሻው ክብደቱን በትክክል እኩል እንዲይዝ ማድረግ አይገባም። የቶርቹ ክብደት ዳዶውን በአንድ ወገን ተጭኖ ስለሚይዝ የቪቴው ክፍተት አይታይም፤ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ግን ክፍተቱ ይመለሳል። የተወሰነ ጫና በአንድ አቅጣጫ እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል።

መብራት ሲመለስ ማሽኑ ያለበትን ቦታ አያውቅም። ስለዚህ በቋሚ ዘንጉ የላይኛው ጫፍ የወሰን ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠማል፤ ማሽኑም ከሁሉ አስቀድሞ ቶርቹን ወደ ላይ እንዲያነሣ ይታዘዛል።

ከፍታን የሚለዩ አካላት

የቶርቹ ማቀፊያ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ መንሸራተት በሚችል ሰሌዳ ላይ ቢታሰር፣ ኖዝሉ ላሜራውን ሲነካ ሰሌዳው ከፍ ብሎ አነስተኛ ማብሪያ ማጥፊያ ይጫናል። ማሽኑም የላሜራውን ገጽ በዚህ ያገኛል። ሰሌዳው ዘወትር ወደ ቦታው በትክክል መመለስ አለበት። ከዚህ በተጨማሪ በመቁረጥ ላይ ሳለ የአርኩን ቮልቴጅ እየለካ ቶርቹን የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ አለ። ርቀቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ይጨምራል፤ ርቀቱ ሲቀንስም ይቀንሳል። ማሽኑ በማዕዘን ላይ ሲዘገይም ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል፣ መቆጣጠሪያው ተታልሎ ቶርቹን ወደ ታች እንዳያወርድ በማዕዘን ላይ ለጊዜው እንዲቆም ይደረጋል።

አቧራ እና የኤሌክትሪክ ረብሻ

የቆላው አቧራ ከመቁረጫው የብረት ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ኩሽኔታን ይበላል። ሐዲዱንና ቪቴውን እንደ ወናፍ በሚተጣጠፍ ሽፋን መሸፈን፣ በየጊዜው መጥረግ እና በአምራቹ የተመከረውን ግራሶ በልኩ መቀባት ያስፈልጋል። የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሽቦዎች ከቶርቹ ገመድ ተለይተው ይዘርጉ፤ መከላከያ ልባስ ያላቸውም ይሁኑ። ጠረጴዛው በሚገባ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። የፕላዝማ ማሽን ለሕይወት አደገኛ የሆነ ቮልቴጅ ስላለው፣ ማንኛውም ጥገና የሚከናወነው ኃይሉ ከምንጩ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ነው።

ከሥራ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ዘንጉ ከተገጠመ በኋላ ቶርቹ ከመታሰሩ በፊት የሚከተሉትን መፈተሽ ይመከራል፦

1. ዘንጉ ከጠረጴዛው ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱን በስኳድራ ማረጋገጥ፤
2. ማቀፊያውን በእጅ ወደ ግራና ቀኝ እንዲሁም ወደ ፊትና ኋላ ገፋ አድርጎ መንገጫገጭ አለመኖሩን ማየት፤
3. የቶርቹን ያህል ክብደት ያለው ብረት አስሮ ኃይል ማቋረጥና መውረድ አለመውረዱን መመልከት፤
4. ዘንጉን 100 ጊዜ አውጥቶ አውርዶ ወደ መጀመሪያው ቦታ በትክክል መመለሱን መለካት፤
5. ኖዝል በሚነካበት ቦታ ወረቀት አድርጎ የመለያ ማብሪያ ማጥፊያው ወረቀቱን ሳይቀድ መሥራቱን ማረጋገጥ።

ለዚህ ፍተሻ የሚውለው ግማሽ ቀን አንድ ሙሉ ላሜራ ከመበላሸት ያድናል። የመለኪያ መሣሪያ የሌላቸው ኢንተርፕራይዞች በአቅራቢያቸው ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ክፍል ጋር በመነጋገር ፍተሻውን በጋራ ቢያከናውኑ ይመከራል።