የልጅ ቀለብ ተርፎ ሲገኝ



በሸዋ ሮቢትም ሆነ በይፋት ቆላ ባልና ሚስት ሲፋቱ የልጅ ቀለብ ማነሱ ብዙ ያከራክራል። ተርፎ ሲገኝስ? አባት የዓመቱን ማሳደጊያ አስቀድሞ ከፍሎ ልጁ በመንፈቁ ወደ እርሱ ቢመጣ፣ የቀረውን መጠየቅ ይችላልን?

ይፋት የፊቅህ አገር ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የወለስማዎች ሱልጣኔት የተመሠረተባት ናት። በ749 ሂጅራ (1349 እ.ኤ.አ.) የሞተው ጸሐፊ አል-ዑመሪ የይፋት ሰዎች አብዛኞቹ ሻፊዒዮች መሆናቸውን መዝግቧል።

ዑለማዎቻችን ከጥያቄያችን ጋር በሚቀራረብ ጉዳይ ተለያይተዋል። ባል የሚስቱን ነፈቃ አስቀድሞ ሰጥቶ ጊዜው ሳያልቅ አንዳቸው ቢሞቱ፣ አቡ ሐኒፋና አቡ ዩሱፍ «አይመለስም» ብለዋል። ኢማሙ ሻፊዒይና የአቡ ሐኒፋ ተማሪ ሙሐመድ ግን ያለፈው ጊዜ ተሰልቶ የቀረው ይመለሳል ብለዋል። የሐዷና፣ ማለትም ልጅን የመንከባከብ ክፍያም የሥራ ዋጋ ነውና ላልተሠራበት ጊዜ አይገባም። በስህተት ዕዳ አለብኝ ብሎ የከፈለም ስህተቱ ሲረጋገጥ ገንዘቡን ይጠይቃል። አውቆ፣ ወዶ የጨመረው ግን ስጦታ ነው።

ሆኖም ለልጁ በልኩ የዋለው ትርፍ አይባልም። ልኩስ ምንድን ነው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአቡ ሱፍያንን ሚስት ሂንድን ለራሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በመልካም ልማድ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ሚዛኑ ይኸው ነው፦ የሚበቃው፣ በአገሩ ልማድ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት እናያለን። አንዳንድ አባት «ትርፌ እስኪመለስ» ብሎ የቀጣዩን ወር ቀለብ ይይዛል። ትርፉ ካለ የእናትየው ዕዳ ነው፤ ቀለቡ የልጁ ሐቅ ነው። በአንዱ ዕዳ የሌላው ጉሮሮ አይታነቅም። ሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽም እናትም አባትም በልጃቸው ሰበብ እንዳይጎዱ አዟል።

መንገዱ ክፍት ነው። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ የታወቀው በ1934 ዓ.ም ነበር፤ በ1936 ዓ.ም በአዲስ አዋጅ ተተካ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በቤተሰብ ጉዳይ የሸሪዓ ዳኝነትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ መሠረተው። ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ስትከፍሉ ለየትኛው ወርና ለምን እንደሆነ አጽፉ። እናቶችም ወጪውን መዝግቡ። ትርፍ ቢገኝ በሽማግሌ፣ ካልሆነም በቃዲ ፊት፣ በሚቻል ክፍያ ይመለስ፤ የልጁ ማዕድ ግን አንድም ቀን አይጉደል።

ወላሁ አዕለም።