ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ

ባሕር ዛፍን ወደ አዲስ አበባ ማን አስመጣው የሚለው ክርክር ብዙ ተጽፎበታል። እኔ የእንጦጦ እንጨት ቆራጭ ልጅ ነኝና ስለ ቆረጣው ልናገር።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ሲቆረጥ ብዙም ሳይቆይ ተራቆተ። እንጨት ሲርቅ ደግሞ መናገሻን ነቅሎ መሄድ የቆየ ልማድ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ ሐሳባቸውን ሲለውጡ ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ጥድ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ያውም ቆራጩ ካወቀበት። አባቴ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ሰያፍ አድርጎ ነበር የሚቆርጠው፤ ዝናብ ጉቶው ላይ አቁሮ እንዳያበሰብሰው። የጉቶውን ልጥ በመጥረቢያ የገሸለጠ ረዳት ከእሱ ጋር ውሎ አያድርም፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያ ነዋ! ቀንበጡ ሲበዛ ቀጥ ያሉትን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን ያነሳዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀጭኑ ለማገር፣ ወፈር ያለው ለወራጅና ለቋሚ፣ ጠማማው ለፍልጥ ይደርሳል። የከተማዋ ጭቃ ቤቶች አጥንት ይኸው ነው። የፎቅ ግንበኞችም ለመወጣጫ ሲጠቀሙ የኖሩት በዚሁ አጣና ነው።

ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. ግድም አብዛኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ወቀሳው እውነት አለበት፤ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። ቢሆንም ስንት ምድጃ በእሱ ነድዷል!

ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ናቸው። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ወገባቸው ጎብጦ ዓይናቸው ከመንገዱ አይነሳም። እንጀራችን የተጋገረው በእነሱ ጀርባ ነው።

ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ሆኗል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን የቆራጮቹና የተሸካሚዎቹ ታሪክ ተጽፎ እዚያው ይቁም። የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት አሉና፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።